ከኋላ ወንበር የተቀመጠው

ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሞተ አሥረኛ ቀኑ ነው። ታናሽ እህቴ ግን ገና አልሰማችም፤ እንዲህ ነበር የምናውቀው።

እሷ አየርላንድ፣ በምዕራቡ ጠረፍ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አረጋውያን ትጦራለች። ብቻዋን ነው የምትኖረው። እኔ አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ስኔልቪል ነኝ። ለእኔ መርዶውን ያደረሱኝ እዚያው ቅርብ፣ ሊቶኒያ ያሉት አክስቴ ናቸው። ሦስት ሴቶች አስከትለው ንጋት ላይ በሬን ሲያንኳኩ፣ አንደኛዋ ቴርሞስ ታቅፋ ሳያት፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። በዚያ ሰዓት ቴርሞስ ይዞ ለጨዋታ የሚመጣ ሰው የለም።

ለእህቴም እንደዚያው መደረግ አለበት ተባለ። በስልክ አይነገርም።

«አንቺው ሂጂላት» አሉኝ አክስቴ። «የፈረንጆቹን ገና አብሬሽ ላሳልፍ በያት። ሲነጋ፣ ቁጭ አድርገሽ ንገሪያት። መንገድ ላይ ግን ከአፍሽ እንዳይወጣ፤ መሪ ለያዘ ሰው መርዶ አይነገርም።»

እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ጉድ አለች።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ለዚህ ብለሽ ፕሌን ልትሳፈሪ ነው? ጀስት ደውዪላት!»

«አይደወልም።»

«ኦኬ፣ ቀድማ ፌስቡክ ላይ ብታየውስ?»

«ለሁሉም ተነግሯል፤ ማንም አይለጥፍም» አልኳት።

ለእህቴ የደወልኩት ሌላ ነገር ለመንገር ነው። ዓይኔ አብጦ፣ ድምፄን አሳምሬ፣ «አትላንታ ሰለቸችኝ፤ ብርድሽን ልቅመሰው» ብዬ ሳቅኩላት። እንዴት እንደሳቅኩ እግዜር ይወቀው። «ነይ በቃ፤ ደስ ይለኛል» አለችኝ።

በገናቸው ዋዜማ ደብሊን ደረስኩ። ስታቅፈኝ ቶሎ አልለቀቀችኝም። አውሮፕላን ውስጥ ስለማመደው ያደርኩት ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፦ አባባ ደህና ነው፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞታል። አልጠየቀችኝም። የልጆቼን፣ የሥራዬን፣ የጉልበቴን ሕመም ሳይቀር ስትጠይቀኝ የሱን አላነሳችም። ተመስገን አልኩ፤ ለምን እንዳላነሳች ግን አላሰብኩም።

የመኪናዋ ዕቃ መጫኛ አስጠግና በምትመልሰው የአንድ ሽማግሌ ተሽከርካሪ ወንበር ተይዟል። ሻንጣዬን ከኋላ ወንበር አጋደምነው። ውስጡ ሁለት ጥቁር ቀሚስ ነበር፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ የሷ።

ሦስት ሰዓት ነው መንገዱ። እነሱ በግራ ስለሚነዱ፣ እኔ መሪ በለመድኩበት በኩል ባዶ እጄን ተቀምጬ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል። አውራ ጎዳናው ሲያልቅ በድንጋይ ካብ መካከል የሚሽሎከለክ ጠባብ መንገድ ጀመረ። ከካቡ ወዲያ በጎች፤ ጀርባቸው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ ልትገባ ታኮበኩባለች። ፊት ለፊት የሚመጣ ሾፌር ሁሉ እጁን ከመሪው ሳይለቅ አንድ ጣቱን ብቻ ያነሳል። እህቴም ታነሳለች።

«ታውቂያቸዋለሽ?»

«ማንንም አላውቅም። ባላነሳ ግን ኮራች ይሉኛል።»

አባታችን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ትምህርት ሲዘጋ በየተራ ጋቢና ያስቀምጠን ነበር፤ እሱም ለሚያልፈው ሾፌር ሁሉ ልክ እንደዚያው አንድ ጣቱን ነበር የሚያነሳው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሻንጣው ተንሸራቶ ወንበሩ መሐል ቂብ አለ። መኪናው ቲን፣ ቲን፣ ቲን ይል ጀመር።

«ምን ሆነ?»

«ከኋላ ቀበቶ ያላሰረ ሰው አለ ነው የሚለው። ሻንጣሽ ሰው መስሎት ነው።» ከዚያ ሳቅ አለች። «አባባ ነዋ! እሱ መች ቀበቶ አስሮ ያውቃል!»

ሳቋ መሐል ላይ ተቆረጠ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ አቃተኝ። ቲን፣ ቲን፣ ቲን። የአንድ ማሳ በር ላይ አቆመችና ወርዳ ቀበቶውን ሻንጣው ላይ አሰረችው። በመስታወቱ አያታለሁ። ካሰረችው በኋላም እጇን ሻንጣው ላይ እንዳሳረፈች ቆየች፤ ሰው ትከሻ ላይ እንደሚደረገው። ደክሟት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ድምፁ ቆመ። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ ነው ፍርሃቱ የያዘኝ። የናፍጣና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ መጣብኝ፤ የሱ ጋቢና ሽታ። በዚያች መኪና ውስጥ ብርቱካን የሚባል ነገር አልነበረም። ዘወር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

ሲጨልም በየቤቱ መስኮት አንዳንድ ሻማ በራ።

«የኔ አሮጊቶች ናቸው የነገሩኝ» አለች። «ማርያምና ዮሴፍ ማደሪያ እንዳያጡ ነው። የሞተባቸው ሰው መንገዱ እንዳይጠፋው ነው የሚሉም አሉ።»

ያን ጊዜ ልነግራት ቃጣኝ።

«እህቴ…»

«ወዬ።»

«ምንም። ቀስ ብለሽ ንጂ።»

ጥቂት ሄደን ደግሞ እሷ፣ «ስሚማ…» አለች።

«ወዬ።»

«ምንም። በረደሽ እንዴ?»

ቤቷ ደርሰን፣ ሻንጣውን መኪናው ውስጥ እንደታሰረ ትተን፣ የምስር ሾርባ ጠጥተን ተኛን፤ የኛ ገና ስላልደረሰ ጾም ነን። እዚያ አገር በታኅሣሥ የሚነጋው ወደ ሦስት ሰዓት ግድም ነው፤ ሲነጋ ንገሪያት ያሉኝ አክስቴ ይህን አላወቁም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልቤን አጽንቼ ልቀሰቅሳት ወረድኩ።

ወጥ ቤቱ በርቷል። ባለፈው በቪዲዮ ያሳየችኝ፣ ጎረቤት ከተማ የሚኖሩት ሐበሻ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አየርላንዳዊቷ አሮጊት ጎረቤቷ፣ የሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው። ጠረጴዛው ላይ ቴርሞስ። አክስቴ ለእኔ ረዳት የላኩልኝ መስሎኝ በሆዴ መረቅኋቸው።

እህቴ ተነስታ ሁለት እጄን ያዘች፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

«እህትዬ» አለችኝ፣ «ጠንከር በይ። አባባ…»

አባባ በሞተ በሁለተኛው ቀን ነው የሰማችው። አንዲት የድሮ የክፍል ጓደኛዋ «ነፍስ ይማር» ብላ ጽፋላት። እኔ ደውዬ ስስቅላት፣ አልተነገራትም ብላ ደመደመች፤ ከሰው ጋር ተቀምጬ ልንገራት ብላ ስምንት ቀን ብቻዋን አነቀችው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ መርዶ ለሁለት ተሸክመን፣ አንዳችን ለሌላችን ስንፈራ ነው የተጓዝነው።

«አውቃለሁ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለሷ ስጨነቅ በወጉ ሳላለቅስለት የቀረሁትን አባቴን፣ እንደ አዲስ ሰምቼው፣ እጇ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩት። ሻንጣው ውስጥ ያለውን የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው። አፍጥጣ አየችኝና፣ «አንቺ ውሸታም!» ብላ ደረቴ ላይ ወደቀች።

ወዲያው መኪናው ጋ ሄዳ ቀበቶውን ፈታች፤ ሻንጣውን አምጥታ የሷን ጥቁር ቀሚስ አወጣች። ወገቡ ሰፋት፤ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። የገና ቀን ስለሆነ የሚተካት አልነበረም። የመኪናውን መስታወት በረዶ በካርድ ፍቃ፣ ለአሮጊቶቿ ቁርስ ልታበላ ሥራ ገባች።