ማጅራት ገትር የከፈተው በር

አባቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከሚያፈስ ነገር ጋር ነው፤ ቤት ውስጥ የውሃ ጠብታ ከሰማ እንቅልፍ የለውም። እናቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አገኘናት። ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል፣ አንገቷ አልታጠፍ ብሏል። አባቴ ሲጠራት ትኩር ብላ አየችውና «ጌታዬ፣ ልብስዎ ገና አልደረሰም» አለችው። አቅፎ ታክሲ ውስጥ አስገባት።

ሆስፒታል ከጀርባዋ ፈሳሽ ቀዱና ማጅራት ገትር መሆኑን ነገሩን። መድኃኒቱን በደም ሥሯ ይሰጧት ጀመር። እኔና አባቴ ኮሪደሩ ላይ ዓይን ለዓይን እየተያየን ሰነበትን። አንድ ጠዋት ዓይኗን ገለጠችና፣

«አንተ ሰውዬ፣ ፂምህን እንኳ ሳትላጭ ነው ሰው ፊት የምትቆመው?» አለችው።

አባቴ እየሳቀ አለቀሰ።

ክንዷ ግን በመርፌ ብዛት ጠቁሮ ነበርና ሐኪሟን ለመናት። «ዶክተር፣ እየዳነች አይደል? እስቲ የመድኃኒቱን መጠን ቀንሱላት።»

ሐኪሟ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። አግዳሚው ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አይሆንም ጋሼ። የአንጎል ደም ሥሮች እንደ ሌላው አይደሉም። ግድግዳቸው ጥብቅ ብሎ የተጋጠመ ነው፤ ደም ውስጥ ያለውን ሁሉ አያስገቡም። ይሄን መድኃኒትም ጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ይመልሱታል።»

«ታዲያ እሷ ጋ እንዴት ገባ?»

«በሽታው ራሱ መጋጠሚያውን አላላው። ያቃዣትም አንዱ ይኸው ነው። ግን በዚያው ክፍተት መድኃኒቱም ገባላት። አሁን እየዳነች ስትሄድ መልሶ እየተዘጋ ነው፤ ብንቀንስ የሚያልፈው ያንሳል።»



«ማነው የሚዘጋው?»

«ማንም። ሰውነቷ ራሱ።»

«ደሙ እየሄደ?»

«እየሄደ።»

«እኔ የውሃውን ዋና መዝጊያ ሳልዘጋ አንድ መጋጠሚያ ነክቼ አላውቅም» አለ አባቴ።

ተነስቶ ገባና ራስጌዋ ቆመ። ግንባሯን ሊዳስስ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዳይረብሽ እንደፈራ ሁሉ ቀስ ብሎ መለሰው።

መድኃኒቷን ጨርሳ ቤቷ ገባች። ግራ ጆሮዋ ግን እንደደነቆረ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲሄዱ አባቴ ምንጊዜም በቀኟ ነው።