የጄቹል ደባል

ኩ ፒልሆ በደቡብ ኮሪያ፣ በዴጉ ከተማ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሃያ ስምንት ዓመት መብራት ሲሰቅልና ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። በፕሮግራሙ መጨረሻ ከሚያልፉት ስሞች ሁሉ የእሱ ስም የመጨረሻው ነበር፤ ብዙ ጊዜም ማስታወቂያ ይቀድመውና ሳይነበብ ይቀራል። በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። ሌላው እንዲታይ እንጂ ራሱ እንዲታይ የማይወድ፣ ፊቱ ዘወትር የጠቆረ ሰው ነበር። የካሜራ ወጣቶች አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ፣ «ፊቱን አይተህ ማን ሞተብዎት እንዳትለው፤ አምፖል ተቃጥሎበት ነው» እያሉ ይቀልዱበታል።

ሙን ጄቹል ደግሞ በሶሙን ገበያ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። ሲያወራ የማይደክመው፣ እጁን ስንት ጊዜ ቢታጠብ የመኪና ዘይት የሚሸት ሰው ነው። የተዋወቁት ፒልሆ የአንድ ትያትር ቤት መጋረጃ መስፊያ መኪና ተሸክሞ ሱቁ በሄደ ቀን ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። ለአከራያቸውም፣ ለጎረቤቱም፣ ለሥራ ባልደረባውም ደባሎች ናቸው። ኪራይ ለመጋራት ብለው አብረው የገቡ፣ ሚስት ሳያገኙ ያረጁ ሁለት ወንደላጤዎች።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ሁለቱም ይተኛሉ፤ ሁለተኛው በተቃጠሉ አምፖሎችና በተፈታቱ የስፌት መኪናዎች ተሞልቷል። የጄቹል ታላቅ እህት ማልሱን በዓመት ሁለት ጊዜ ከሳንግጁ ገጠር ትመጣለች። እሷ ልትመጣ ስትል እቃው ሁሉ ወደ ጓሮ ይወጣና በሁለተኛው ክፍል ፍራሽ ይነጠፋል። ፒልሆም የተተኛበት እንዲመስል ገብቶ ይገላበጥበታል። ጄቹል በሩን ተደግፎ፣ «ትንሽም አንኮራፋበት እንጂ፣ ድምፁም ይግባበት» እያለ ይስቅበት ነበር።

ያ ሁሉ ሳቅ የነበረው ጄቹል ሳይታመም ነው። በሚያዝያ ሆዱን አመመው፤ በሰኔ ቆሽቱ ላይ ነቀርሳ እንዳለ ተነገረው። ሐኪሙ መከሩን ካየህ ጥሩ ነው ዓይነት ነገር፣ እንዲያ ብሎ ሳይናገር፣ አስረዳው። ጄቹል ሱቁን ለሌላ ጠጋኝ አስረከበ፣ መፍቻዎቹን ለጎረቤቶቹ አከፋፈለ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደባል የሚባለው ፒልሆ ምኑ እንደሆነ ለማልሱን መንገር። እናትና አባታቸው በልጅነቱ ስለሞቱ ትምህርቷን ትታ ያሳደገችው እሷ ናት።

«ሳልነግራት ብሞት የምትቀብረው የማታውቀውን ሰው ነው» ይል ነበር።

ግን ቃሉ ከአፉ አልወጣም። ሁለት ጊዜ ደውሎ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ ጠይቋት ዘጋው።

ጣቢያው በወር አንድ ቀን፣ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ፣ በከተማው ትንንሽ ትያትር ቤቶች ከሚታዩት አንዱን ቀርፆ ያሳያል። በነሐሴ የተቀረፀው በአንድ ቤት አብረው ስላረጁ ሁለት ወንዶች የሚናገር ትያትር ነበር። አንደኛው ይሞታል፤ ዘመዶቹ ይመጣሉ፤ ለወንድም ልጆች የሟች ቤተሰብ የሚያስረው የኀዘን ክንድ ማሰሪያ ሲታደል ለሌላኛው አይደርሰውም። ከቤተሰቡ ጎን መቆሚያ ስላጣም ኀዘን ቤቱ በር ላይ ለቀስተኛው አውልቆ የገባውን ጫማ ሲያቃና ትያትሩ ያልቃል። ያንን መጨረሻ ያበራው ፒልሆ ነው። መድረኩን ሁሉ አጨልሞ አንድ ለስላሳ ብርሃን ጫማዎቹ ላይ ብቻ ጣለ። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ እሱን ነበር የሚወደው።

ጄቹል ወደተኛበት ሆስፒታል ሄዶ ሲነግረው፣ ጄቹል ከትራሱ ቀና አለ። ማልሱን ያንን ጣቢያ ከልጅነቷ ጀምራ የምታይ ናት። የጎረቤቷ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጥቶ ጨው ቀንሺ ሲላት አልሰማችውም፤ ቴሌቪዥኑ የተናገረ ዕለት ግን ቀነሰች። በቴሌቪዥን የታየ ነገር ለእሷ በዓለም ላይ ያለ ነገር ነው፤ ያልታየው ግን ወሬ ነው።

«መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ይንገራት» አለ ጄቹል። «እኔ ከዚያ ደውዬ፣ እኛም እንደዚያ ነን እላታለሁ። ሦስት ቃል ናት። ሦስት ቃል አያቅተኝም።»

ሰኞ ዕለት ደወለላት። እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ደባሌ ያበራው ፕሮግራም አለ፣ እዪው፣ ከዚያ የምነግርሽ ነገር አለኝ አላት። በዚያው ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ የሩዝ አጥሚት ጠየቀ። ማክሰኞ ሁለት ሳህን ጨረሰ፤ ረቡዕም እንዲሁ።

ዓርብ ከሰዓት የፕሮግራሙ አዘጋጅ ታክ ጂንሱ ፒልሆን ወደ እቃ ክፍሉ ጠራው። ጂንሱ አርባ ያልሞላው፣ ትያትሩን ለማስቀረፅ ሦስት ጊዜ የተከራከረ ሰው ነው። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወዲህ ሰባት የተቃውሞ ስልክ መጥቷል። ከሰባቱ አራቱ የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ ቢሆንም ሰባት ተብሎ ተመዝግቧል። የጣቢያው ኃላፊ ትያትሩን አልጠላውም፤ እንዲያውም ሲያየው አልቅሷል። ዓይኑን ጠርጎ ሲያበቃ ግን፣ የእኛ ተመልካች ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ እሑድ ከልጅ ልጆቹ ጋር ተቀምጦ የሚያይ ሰው ነው፣ ለምን እናስቀይመዋለን አለ። በትያትሩ ቦታ የድሮ ፕሮግራም ይገባል።

ፒልሆ ነውሩ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀ። አይሳሳሙም፣ አይተቃቀፉም። አንዱ የሌላውን የእግር ጥፍር ይቆርጥለታል፤ ከዚያ በላይ ምንም የለበትም።

«እሱ እኮ ነው የባሰው፣ ጋሼ» አለ ጂንሱ። «ቢሳሳሙ ያቺን ቆርጠን ጥለን ሌላውን እናሳይ ነበር። ይሄ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። ምኑ ይቆረጣል?»

«ሌላ ቀን አይታይም?»

«ተላልፏል ነው የተባለው። ስንት ዓመት እዚህ ቤት ኖረዋል፤ ተላልፏል ማለት ምን እንደሆነ ያውቁታል።»

ፒልሆ መውጣት ሲገባው አልወጣም። አንድ የታመመ ሰው ፕሮግራሙን ቀን እየቆጠረ እንደሚጠብቀው ተናገረ። ጂንሱ ደንገጥ ብሎ ቀና አለ።

«ቤተሰብ ነው?»

ቢናገር ጊዜው ያ ነበር። ጂንሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ምናልባትም ተመልሶ ኃላፊው ቢሮ ይገባ ነበር። ፒልሆ ጠቅልሎ የያዘውን ገመድ አየ፣ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው።

«ደባሌ ነው» አለ።

«ይማርልዎት» አለ ጂንሱ፤ ከልቡ ነበር ያለው። ከዚያ ተለያዩ።

ለጄቹል አልነገረውም። ዓርብ ማታ አጥሚት እየበላ አገኘው፤ ቅዳሜ ጢሙን እንዲላጭለት ለመነው። ሰው እንዲህ እየበላ ሳለ ምን ተብሎ ይነገረዋል? ፒልሆ ኃላፊው ምናልባት ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል ብሎ ራሱን ለማታለል ሞከረ። እንደማይለውጥ ግን ያውቅ ነበር።

እሑድ መጣ። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፤ ቴሌቪዥኑ ግን አንድ ነው። ሌላ ጊዜ በቤዝቦልና በተከታታይ ድራማ ምክንያት በሽተኛውም አስታማሚውም ይነታረክበታል። ጄቹል ግን ሳምንቱን ሙሉ እያንዳንዱን እየለመነ ያቺን አንድ ሰዓት አስፈቅዶ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ስድስቱም አልጋ ዝም አለ። አንዲት አስታማሚ የጄቹልን ትራስ ከፍ አደረገችለት።

የፕሮግራሙ መግቢያ ሙዚቃ ተሰማ። ከዚያ ጋም መጣ። ያ በመከር ጊዜ ተልጦ፣ በክር ተንጠልጥሎ የሚደርቀው ብርቱካንማ ፍሬ የቴሌቪዥኑን መስኮት ሞላው። ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ሳንግጁ ገበሬዎች የተሠራ ፕሮግራም ነው። በመስመር የተሰቀለ ጋም፣ ከዚያ ሌላ መስመር፣ ከዚያ ፍሬውን በቢላ እየላጡ የሚስቁ አሮጊቶች።

አጠገቡ ያለው በሽተኛ፣ «ትያትር ያልከን ይሄንን ነው? ተዋንያኑ ወፈር ወፈር ብለዋል» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ጄቹል አልሳቀም፤ ዓይኑንም ከቴሌቪዥኑ ላይ አላነሳም። እስከ መጨረሻው አየው። በመጨረሻ የፒልሆ ስም አለፈ፤ ለአንድ ጊዜ ማስታወቂያ አልቀደመውም።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ፒልሆ ድምፁን ከፍቶ ትራሱ ላይ አስቀመጠለት።

«አየነው፣ ጄቹል» አለች ማልሱን። «የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች ሁሉ ጠርቼ ስምንት ሆነን አየነው። የኛው አገር ጋም ነው እኮ። ያ ደባልህ ነው ያበራው? ወርቅ አስመሰለው። እኛ ዕድሜ ልካችንን ስንልጠው እንዲህ አምሮ አይተነው አናውቅም፤ ሴቶቹ ለቤታችን አንድ አምፖል ይሰቀልልን እያሉ ነው። በል እንግዲህ፣ የምነግርሽ አለኝ ያልከው ምንድን ነው?»

ጄቹል ፒልሆን አየው። ፒልሆ መሬት መሬት አየ።

«እሱኑ ነው» አለ ጄቹል። «ጋም አማረኝ ልልሽ ነው።»

«ይኸው ነው? አንተ ሞኝ፣ ለዚህ ቴሌቪዥን ምን ያደርጋል? መከሩ ይግባ፣ በቅርጫት ነው የማመጣልህ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ድራማ ተከፈተ። ጄቹል ትያትሩ መቅረቱን መቼ እንዳወቀ ጠየቀው። ፒልሆ ዓርብ አለ።

«ሁለት ቀን አጥሚት አበላኸኝ» አለ ጄቹል። ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሞት ነበር።

«እንደገና ደውልላት። ሦስት ቃል ናት ብለኸኝ የለም?»

«ምን ልበላት? እኛም እንደዚያ ነን ልበላት? እንደ ጋሙ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሳም። አጥሚቱንም ተወው። ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ የሳንግጁ ጋም ተልጦ ገና ሳይደርቅ፣ ሞተ።

ቀብሩን ያሰናዳው የማልሱን ልጅ ነው፤ ዋናው ሐዘንተኛ የሚያስረውን ሁለት መስመር ያለውን ማሰሪያ ክንዱ ላይ ያሰረውም እሱ ነው። ፒልሆ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ለሟቹ ፎቶ ሁለት ጊዜ ሰገደ፣ ለቤተሰቡም አንድ ጊዜ። ከዚያ ከገበያ ሰዎች ጋር አንድ ገበታ ላይ አስቀመጡትና ቀይ የሥጋ ሾርባ ቀረበለት። አጠገቡ የነበረው ክር ነጋዴ፣ ለብቻህ ቤቱ ሳይሰፋህ አይቀርም፣ ሌላ ደባል አትፈልግም ወይ ብሎ ጠየቀው። ፒልሆ ተነስቶ ወደ በሩ ወጣ።

የለቀስተኛው ጫማ ተቆልሎ መተላለፊያውን ዘግቶታል። አንድ ጥንድ አቃና። ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲል ትያትሩ ትዝ አለውና መልሶ ጣለው። ከላይ ያለው ረጅም ነጭ አምፖል ሊቃጠል ደርሶ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ ማንም አልለወጠውም።

ማልሱን በፌስታል ጋም ይዛ ተከትላው ወጣች። መሃሉ ገና እርጥብ ነው፣ ቤት ወስደህ አንጠልጥለው አለችው። ወንድሟን ስላስታመመላት አመሰገነችው፤ ያንተን ዓይነት ደባል ማን ያገኛል ብላም እጁን ይዛ አለቀሰች።

«ያ የጋሙ ፕሮግራም እንደገና ይታይ ይሆን?» አለችው። «ሲሞት ያማረው ጋም ስለነበረ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ ባየው ብዬ ነው።»

ፒልሆ ፌስታሉን ከእጇ ተቀበለ።

«ይደገማል፣ እትዬ» አላት። «እሱ ሁልጊዜ ይደገማል።»