እንደ ግልገል መጮህ

ትናንት ሄሉ ከተማ ውስጥ፣ ከአዲሱ አስፋልት ዳር፣ ሥጋ ሻጩ የፍየል ጨጓራ ፍም ላይ ጣለ። ሽታው አፍንጫዬ እንደገባ ባደግኩበት መንደር፣ ቦሪ ላይ፣ ተመልሼ ልጅ ሆንኩ።

ያኔ ቀበሮ ግልገሎቻችንን ፈጅቶብን ነበር። አባባ ጨጓራ ለብልቦ በገመድ ያስርና፣ ጦሩን ይዞ እስከሚደበቅበት ቁጥቋጦ ድረስ መሬት ለመሬት ይጎትተዋል። ቀበሮው ሽታውን ተከትሎ ሲመጣ እንዳይጠራጠር፣ አንድ ሰው እንደ ግልገል ይጮሃል። ያ ሰው ሁልጊዜ ታላቄ በቀለ ነበር። ቅናት አንጀቴን ያሳርረው ነበር። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ፣ በረት ውስጥ ከግልገሎች ጋር እየዋልኩ፣ ከሱ አሥር እጅ አስበልጬ እጮህ ነበር!

"አባባ፣ ዛሬ እኔ ልጥራ?"

"አንተ አፍህን ያዝ። ጥሪው የበቀለ ነው።"

በቀለ ምላሱን አወጣብኝ።

ቀበሮው መሬቱን እያሸተተ ብቅ ሲል፣ በቀለ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩትና ጮኽኩ። ወዲያው አንዲት የወለደች ፍየል በረቱን ጥሳ፣ እየጮኸች መጥታ እላዬ ላይ ወጣች። ቀበሮው ተፈተለከ።

አባባ ጦሩን ጥሎ በሳቅ ፍርስ አለ። "ልጄ፣ የተራበን ማንም ይጠራዋል" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ጥሪውን ግን ለበቀለ መለሰለት።

በቀለን ዛሬም በሚኖርበት ሶሎሎ "ቀበሮ ጠሪው" ይሉታል፤ ወጣቶች ከበው ያዳምጡታል። እኔን እስካሁን ያንገበግበኛል። እስቲ ይጠይቁት፤ ለመሆኑ እናት ፍየል አታሎ ያውቃል?