ከኩታው የተመዘዘው ክር

ጎረቤቴ ሳልሓ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ የልብስና ጨርቃ ጨርቅ ሰርተፍኬት ልትማር ስትመዘገብ፣ በከተማችን በቱኒዚያዋ ማህዲያ ያልሳቀባት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ያልሳቅሁት አብሬያት ስለተመዘገብኩ ነው። ሁለታችንም ዕድሜያችንን ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ኪስ ስንለጥፍ ፈጅተናል። ሙሉ ሱሪ ቆርጦ መስፋት ግን አናውቅም።

ሳልሓ ከትምህርት ቤት የወጣችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሸማኔው አባቷ ሐምዳ ሲሞት ቤቱ ባዶ ቀረ። ሳጥን ውስጥ ግን እናቷን ሲያገባ ለሠርጋቸው የሸመነው የሐር ኩታ ነበር፤ ቢሸጥ ልጅቷን ያስተምራት ነበር። እናቷ ዝሊኻ «ኩታዬን አልሸጥም» ብላ ልጇን ፋብሪካ ሰደደቻት። እኔ ብሆን ሰርቄ እሸጠው ነበር። ሳልሓ እናቷን ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ እጇን ይዛ ትወስዳታለች፤ በተጣሉ ቁጥር ግን «ከእኔ ጨርቅሽን መረጥሽ» ትላታለች። አሮጊቷ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

አንድ ቀን መምህራችን ክርን በእሳት መለየት አስተማረችን። ሐር ሲቃጠል ፀጉር ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል፤ ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ከየቤታችሁ ክር አምጡ አለችን። ሳልሓ እናቷ እንቅልፍ ሲወስዳት ከኩታው ጫፍ አንድ ክር መዘዘች።

«ትምህርቴን የበላውን ሐር ክፍሉ ሁሉ ይየው» አለችኝ።

ክሩ እሳት ሲነካው ተኮማተረና ጥቁር ዶቃ ሆነ። መምህራችን «ፖሊስተር» ብላ ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈች።

«ምስኪን እናቴ» አለችኝ መንገድ ላይ። «ለዚህ ነው የጨከነችብኝ? ተታላ ነው እኮ የኖረችው።» ያን ሁሉ ዓመት የያዘችው ቂም ወደ አዘኔታ ሲለወጥ ፊቷ ላይ አየሁት።

ቤት ስንደርስ ዝሊኻ ኩታውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጫፉን ትዳብሳለች።

«ክር ጎድሏል» አለች።

«ለትምህርት ነው እማ። አቃጥለን አየነው፤ ንጹህ ሐር ነው።»

«በምን አወቃችሁ?»

«ፀጉር ፀጉር ሸተተ።»

«እስኪ እኔም ላሽትተው።»

ሳልሓ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ከራሷ ላይ ፀጉር ነጨችና ክብሪት ጭራ እናቷ አፍንጫ ሥር አቃጠለችው። ዝሊኻ ሽታውን ሳብ አደረገች።

«አባትሽም ሐር ነው ብሎ እንዲሁ ነው ያሳየኝ» አለች። «እሱ ከጢሙ ነበር የነጨው። ያኔ ግን ዓይኔ ያይ ነበር።»

ሳልሓ ቁጭ አለች። «ታውቂ ነበር? ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሰድብሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሐር ቢሆን የዚያኑ ዕለት ሸጬ አስተምርሽ ነበር። አባቴ ውሸታም ነው ከምትዪ፣ እናቴ ጨካኝ ናት ብትዪ ይሻላል ብዬ ነው። እኔ አለሁ፣ አንድ ቀን እንታረቃለን። እሱን ከየት አምጥተሽ ትታረቂዋለሽ?»

ዕርቃቸው አንድ ክረምት እንኳ አልሞላም። ዝሊኻን የቀበርናት ሰርተፍኬታችንን ሳንቀበል ነው። ቃሬዛው ከቤት ከመውጣቱ በፊት ሳልሓ ኩታውን አውጥታ አለበሰችው። ሴቶቹ ለቅሷቸውን ገታ አድርገው ጨርቁን ዳበሱት።

«የዱሮ ሐር እኮ ነው» አለች አንዷ።

«አዎ፣ ንጹህ ሐር ነው» አለች ሳልሓ። «አባቴ ነው የሸመነላት።»