ሽልማቴን ለድሬ ሰው እንዴት እንደነገርኩ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው የጋሽ ዑመር ሞተር መጠምጠሚያ ቤት ሥራ የጀመርኩት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በወጣሁ በሳምንቱ ነው። ጋሽ ዑመር የተቃጠለ የቬንትሌተር ሞተር ከፊቴ አስቀመጠና፣ «አሮጌውን ሽቦ እየፈታሽ ዙሩን ቁጠሪ» አለኝ። መቶ ሃምሳ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። «እርስዎ ስንት ይሆናል ይላሉ?» አልኩት።

«አቦ፣ አንተ በይኝ! አንቱ ስትይኝ አረጃለሁ» ብሎ ሳቀ። «እዚህ ቤት ደግሞ አይገመትም። የሚቀጥለው የሽቦ ጥቅል እኩል ዙር አለው፤ እሱን ፍቺና ቁጠሪ።»

በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር የሚጠግን ሰው ሥራ አያጣም። መጀመሪያ ቫርኒሽ መቀባት፣ ቀጥሎ ኩሽኔታ መቀየር፣ በመጨረሻ ትልልቅ የፓምፕ ሞተሮችን መጠምጠም ተማርኩ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሳቢያን ሰፈር የራሴን መጠምጠሚያ ቤት ከፈትኩ።

ሁለት መንገድ አልፎ ጌታቸው የሚባል ሌላ ጠምጣሚ ነበር። ደንበኛ እንሻማለን፤ ሽቦ ሲያልቅብን ግን አንዳችን ሌላው ጋ እንሮጣለን።

አምና የሐርላ መንደር የውሃ ፓምፕ ሞተር ተቃጠለ። መንደሩ ሙሉ ውሃ አጣ፣ ከብቱም ሰውም ተጠማ። ትክክለኛው ውፍረት ያለው ሽቦ አልነበረኝም። ጌታቸው የነበረውን ሁሉ ይዞ መጣ፤ እኔ ስጠመጥም እሱ ኩሽኔታውን ቀየረ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ወጣ።

በዚህ ሥራ የሙያ ማኅበራችን «የዓመቱ ምርጥ ጠምጣሚ» ብሎ ዋንጫ ሰጠኝ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምርት መስመር ተቆጣጣሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ሄለን እኔን ሳትጠይቅ ፎቶዬን ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩ፣ «በምሥራቅ ኢትዮጵያ አቻ ያልተገኘላት የሞተሮች ንግሥት!» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ አንድ ደንበኛ ቬንትሌተሩን ታቅፎ ገባና ጎንበስ አለ። «ንግሥት ሆይ፣ ይህችን ለመንካት ይፈቅዱ ይሆን?» እኔም ሳቅኩ።

ረፋድ ላይ ሽቦ አነሰኝና ለጌታቸው ደወልኩ። «ንግሥት ከተራ ሰው ሽቦ ትጠይቃለች እንዴ?» ብሎ ዘጋው። ያ ግን አላሳቀኝም።

«አጥፊው» አልኳት ሄለንን።

«አክስቴ፣ ሰው እኮ እንኳን ደስ አለሽ እያለ ነው!»

«አጥፊው አልኩሽ።» ዋንጫውንም ካርቶን ውስጥ ከተትኩት።

ጋሽ ዑመር ያኔ ሥራ አቁሞ ነበር። ከዚራ ያለው ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። ትሕትናዬን ያደንቃል ብዬ ነበር።

«ዋንጫው የታለ?»

«ካርቶን ውስጥ።»

«ወላሂ ጅል ነሽ! ሰዎቹ የሸለሙት ካርቶኑን ነው?»

«ጉራ ሆነብኝ፣ ጋሽ ዑመር።»

«ሽልማቱ ምን አደረገ? ጉራው ‹አቻ የላትም› ማለቱ ነው። ማን ለክቶ አየው? ሞተር ጠግነሽ ለደንበኛ ስትመልሺ ወረቀቱ ላይ ምን ትጽፊያለሽ?»

«ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው።»

«በቃ፣ እንደሱ ጻፊ።»

ከሄለን ጋር ቁጭ ብለን ፌስቡክ ላይ ይህን ጻፍን፦ «የሐርላን የፓምፕ ሞተር ስለጠገንን የሙያ ማኅበራችን ዋንጫ ሰጥቶኛል፤ ደስ ብሎኛል፣ አመሰግናለሁ። ሽቦውን ያመጣውና ኩሽኔታውን የቀየረው ጌታቸው ከበደ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ጋሽ ዑመር ነው። አልማዝ፣ ሳቢያን።»

«አንድ ‹ድንቅ› እንኳ ላስገባ?» አለች ሄለን።

«አንድም።» ለመታረቅ ያህል አንዲት የአበባ ምልክት ፈቀድኩላት።

ከሰዓት በኋላ ጌታቸው ራሱ ሽቦ ተሸክሞ ደጃፌ ላይ ቆመ። ፊቱ ኮስተር ብሏል።

«አነበብኩት።»

«እሺ?»

«አባቴ አበበ ነው። ከበደ ማን ነው?» አለና ሳቁ አመለጠው። እኔም ወንበር ፈልጌ እስክቀመጥ ድረስ ሳቅኩ። ሄለን ስሙን አስተካከለችው፤ እሱም በራሱ ገጽ ላይ «እኔም አለሁበት» ብሎ አጋራው።

በዚያ ሳምንት ሦስት አዲስ ደንበኞች ጽሑፉን አይተው መጡ። ሁለቱ የፈለጉት ኩሽኔታ ማስቀየር ብቻ ስለነበር ወደ ጌታቸው ላክኋቸው። ዋንጫውን ደንበኛ የሚያየው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው፦ ስትሸለሙ አትደብቁ። ማን እንደሸለማችሁ፣ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ፣ ማን አብሯችሁ እንደሠራ ጻፉ። ማሞገሱን ለአንባቢው ተዉለት። የሰውንም የአባት ስም አስቀድማችሁ ጠይቁ።