ዓይኔና የአበጀ በሶ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እኔ እለፈልፋለሁ፣ የልጅ ልጄ የሻረግ በስልኳ ትጽፋለች። ዋሽታ የጨመረችው ካለ ኃጢአቱ የእሷ ነው።

ከስማዳ ገጠር ወደ ወገዳ እየወረድን ነው፤ እኔ በአህያ፣ እሷ በእግሯ። ዓይኔን ለሐኪም ላሳይ ነው፤ ግራውን ሞራ ጋርዶታል፣ ቀኙም ሊከተለው ነው። ልጄ አበጀ ወታደር ከሆነ አራት ዓመቱ። ሲመጣ በድምፁ ሳይሆን በመልኩ ልለየው እፈልጋለሁ። ጺም አብቅሏል አሉ፤ ያምርበት አያምርበት የምፈርድ እኔ ነኝ።

ለጦሩ ስንቅ ከየቤታችን በሶ ይሰበሰባል። እኔ በሰጠሁ ቁጥር በርበሬውን አበዛዋለሁ፣ አበጀ እንደዚያ ነው የሚወድ። ለእሱ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። የስንቱን ልጅ አፍ አቃጥዬ ይሆን!

ረፋድ፣ ከወገዳ ወዲህ

የተሳፈርነው የእህል መኪና ነው።

«እማማ፣ ጋቢና ይግቡ፤ ኋላው ያንገጫግጭዎታል» አለኝ ሾፌሩ።

«አሮጊት ስታይ ነው የመንገዱ ክፋት ትዝ ያለህ?»

ሙሽራ ሆኜ በበቅሎ የዘለልሁት ድንጋይ ዛሬም እዚያው ተጎልቷል።

«ይኸን መንገድ መቼ ነው የሚሠሩት?» አልሁት።

«ጦርነቱ ሲያልቅ ነው የሚሉ።»

«ድንጋዩ ዘምቷል እንዴ? ይኸው አለ አይደል!»

ትንሽ እንደሄድን ዳር ያዝን፤ የወታደር መኪናዎች ተከታትለው መጡ። «መኪናዎቹ ገና አዲስ ናቸው» አለ ሾፌሩ። አንገቴን አውጥቼ ላይ የተቀመጡትን ልጆች አየሁ። ጉም ናቸው፣ ሁሉም አበጀን መሰሉኝ። በሁለት እጄ አውለበለብሁ።

«አንዱ መለሰልሽ፣ እምዬ» አለች የሻረግ።

እውነቷን ይሁን ውሸቷን አልጠየቅኋትም።

ዓርብ ጠዋት

መካነ ኢየሱስ አድረን፣ ማልደን ሌላ መኪና ይዘን ሐኪም ካለበት ከተማ ደረስን። ስሙን አልናገርም፣ ካርድ የሚሰጡት ልጆች እንዳይቀየሙኝ። አንዲት ነጭ የለበሰች ልጅ ዓይኔን በባትሪ አየችው።

«እማማ፣ ይኸ በቀዶ ጥገና ይነሳል፤ ብዙም ጊዜ አይወስድ።»

«በይ አንሽው!»

«ሐኪሙ ጦሩ ዘንድ ተመድቦ ሄዷል። የዕቃ መግዣውም በጀት ዘንድሮ አልመጣም።»

«ልጄ እዚያ፣ በሶዬ እዚያ፣ ሐኪሙም እዚያ! እዚህ የቀረነው እኔና ሞራዬ ነን!»

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷን አዞረች።

ወታደር ይራብ አልልም፣ የኔው ልጅ ነው። ግን ትናንት ካለፉት መኪናዎች የአንዱ ዋጋ ለስንት እናት ዓይን ይበቃ ነበር?

ቅዳሜ፣ ቤቴ

ስንቅ ሰብሳቢው ጎረቤታችን አያ ሙሉ ከረጢቱን ይዞ ደጄ ቆሞ ጠበቀኝ።

«እንኳን ደህና ገቡ! ዓይንዎ እንዴት ሆነ?»

«አንተን ለማየት ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ቢጠራም ምን ያደርግልኛል?»

ሳቀና «ነገ በሶ እንሰበስባለን» ብሎ ከረጢቱን ሰጠኝ።

ገብሱን ቆላሁ፣ አስፈጨሁ። በርበሬውን ድሮ በዓይኔ እመጥነው ነበር፣ አሁን በእጄ ዘገንሁት።

«እምዬ፣ በዛ!» ብላ ጮኸች የሻረግ።

ይብዛ። ከረጢቱን አሰርሁት።

አበጀ፣ ይኸ በሶ ካንተ ከደረሰ፣ ስትበላው እንባህ ቢመጣ ናፍቆት እንዳይመስልህ፤ በርበሬው ነው። የኔም ሞራው ነው።