የጋሽ ጭሱ እጅ

ጋሽ ጭሱ የሚሏቸው ያለ ነገር አልነበረም። ያኔ የወፍጮ ቤቱ ሞተር የሚዞረው ከእንጨት በሚወጣ ጋዝ ነበር፤ እንጨቱን ትልቁ ምድጃ ውስጥ አፍነው እያነደዱ ጋዙን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው እዚያ ምድጃ ሥር አለቀ።

አንድ ቀን ልባቸው ሥራው ላይ አልሆነላቸውም። ልጃቸው የመጀመሪያዋን ወልዳለች፤ የልጅ ልጃቸውን ሳይመሽ ሊታቀፉ ቸኩለዋል። ደረቁን እንጨት ፈልጦ ማቅረብ ቢታክታቸው፣ ዝናብ የነካውን አጎረሱት። እርጥብ እንጨት ደግሞ እሳቱን ያቀዘቅዘዋል፤ እሳቱ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ቅጥራን ይዞ ይወጣል። ቅጥራኑ ከጥላሸቱ ጋር ተለውሶ ቧንቧው ውስጥ ተጋገረ፤ ሞተሩም ትን እንዳለው ሰው ሳል ሳል አድርጎት ቆመ።

«ጋሽ ጭሱ፣ ዛሬስ እህሉን በጥርስዎ ሊፈጩልን ነው?» አለች አንዷ አስፈጪ።

«ጥርሱስ የታለና፣ እኅቴ» አሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ቧንቧው እስኪበርድ ጠብቀው ሲፍቁ ዋሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ቢሉት፣ በአሸዋ ቢሉት፣ ቅጥራኑ ወይ ፍንክች።

ከልጃቸው ቤት ሲደርሱ ጀንበር ጠልቃለች።

«በዚህ እጄ አልነካትም፤ አይቻት ልሂድ» አሉ ከደጃፍ።

«ግባና ተቀመጥ፣ አባዬ። እጅህን ብቻ ወደ ላይ» አለች ልጃቸው። ጭናቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ሕፃኗን አስተኛችላቸው።

እንደ ተማረከ ወታደር ሁለት እጃቸውን ሰቅለው ጥቂት አዩዋት። ከዚያ ድካሙ አሸነፋቸውና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጥቁሩ እጃቸው ቀስ እያለ ሕፃኗ ላይ ወረደ፤ ልጃቸውም አየችና እንዳለ ተወችው።